የፊት ለፊት ድንኳን

አንዲት ሴትዮና ሶስና በየባዛሩ ድንኳናቸው ፊት ለፊት ነው። ሁለቱም አሮጌ የቤት ዕቃ እያደሱ ይሸጣሉ። ሶስና ከስፌት መኪና እግር የምትሠራው ጠረጴዛ ፊት ሰው አይጠፋም። ሴትየዋ ግን ከበር ሳንቃ ከምትሠራቸው ጠረጴዛዎች በአንድ ባዛር አንድ ቢሸጥላት ነው። "ይቺ ሶስና ምን ብታደርግበት ነው?" እያለች አንጀቷ እርር ሲል ይውላል።

በመጨረሻ ዘዴ አበጀች። የአክስቷን ልጅ እየላከች ከሶስና አንዳንድ ዕቃ ታስገዛለች፤ ቤት ወስዳ ብሎኑን ፈትታ፣ ቀለሙን ፍቃ ሚስጥሩን ትፈልጋለች። ምንም አታገኝም። የተፈታታው ዕቃ መኝታ ቤቷን ስለሞላው ባሏ አልጋው ጋ የሚደርሰው ተሹለክልኮ ነው።

የሶስና እናት ሲያርፉ የባዛር ሰው ሁሉ ለቅሶ ሄደ። ሴትየዋም አልቀረችም፤ የሶስናን ቤት ለማየት ቋምጣ ነበር። የለቅሶው ድንኳን ሞልቶ ወንበር አነሰ።

"እስቲ ከጓሮው ክፍል ፈልጉ" አሉ አንድ ሽማግሌ።

ማንም ሳይቀድማት ሄደች።

በሩን ስትከፍት ያየችው የራሷን ሥራ ነው። በየባዛሩ የማታውቃቸው ሰዎች ከእሷ የገዟቸው ጠረጴዛዎች እግራቸው ተፈትቶ፣ ቀለማቸው ተፍቆ ግድግዳው ላይ ተደግፈዋል።

ዞር ስትል ሶስና ጥቁር ሻሿን እንዳሰረች በሩ ላይ ቆማለች። ተያዩ።

"የኔዎቹንስ" አለች ሶስና ቀስ ብላ፣ "አንቺ የት ነው የምታስቀምጫቸው?"