የአሁን የሥራ ቦታ

«ወረቀቱን ልቀይረው?» አለ ሶሬሳ፣ አውስትራሊያ፣ ፉትስክሬይ ካለው አዳራሽ በር ላይ አፀደን ለብቻዋ ነጥሎ። የመድረኩ መሪ እሱ ነው። የቀድሞ የምህንድስና ተማሪዎች ማኅበር የዓመቱን ሽልማት የሚሰጠው ለእሷ ነው። ንግግሩን ግን የጻፈው ካለፈው ማክሰኞ በፊት ነበር።

ማክሰኞ ዕለት፣ ድልድይ የሚነድፈው መሥሪያ ቤታቸው ሠራተኛ ቀነሰ። አፀደ ተቀነሰች። እሷ ያስቀጠረችውና ሥራ ያስለመደችው ሶሬሳ አልተነካም።

«እንዳለ አንብበው» አለችው።

«አንቺ ሳትኖሪ እኔ እዚያ ቤት...»

«ሶሬሳ፣ ሰው እየጠበቀን ነው።»

ባሏ አዛርያስ ከፊት ወንበር ይዞላታል። መኪና ውስጥ፣ «ዛሬን ደስ ይበላቸው፤ ወሬው ቀስ ብሎ ይደርሳቸዋል» ብሏት ነበር። አልመለሰችለትም። የተስማማች መስሎታል።

ሶሬሳ ማንበብ ጀመረ። ማኅበሩ ሊፈርስ ሲል ሊቀ መንበር ሆና እንዳቆየችው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብላ አዲስ መጪዎችን ለኢንተርቪው እንደምታዘጋጅ፣ ስንቱን ከመጋዘን ሥራ አውጥታ ወደ ሙያው እንደመለሰች። «ዛሬም በመሥሪያ ቤታችን የድልድይ ክፍል ኃላፊ የሆኑት...» ሲል ድምፁ ወረደ። ከወረቀቱም ቀና አላለም። አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ።

የመስታወቱን ሽልማት ተቀበለች። አመሰግናለሁ ብላ ልትወርድ ስትል የኋላው ረድፍ ላይ ከቅዳሜ ተለማማጆቿ አንዷን፣ ሱምያን አየቻት። ላቨርተን ኖርዝ ካለ መጋዘን ሺፍቷን ጨርሳ በቀጥታ መምጣቷ ነው፤ ቢጫ የሥራ ሰደርያዋን አላወለቀችም። ባለፈው ቅዳሜ ልምምድ ላይ «አሁን የት ነው የምትሠሪው?» ስትባል አንገቷን ደፍታ ነበር። «ቀና በይና መጋዘን በይ» ብላት ነበር አፀደ። «ያለሽበትን ከደበቅሽ ሌላውንም አያምኑሽም።»

አፀደ ወደ ማይክሮፎኑ ተመለሰች።

«አንድ ማስተካከያ አለኝ» አለች፣ ስብሰባ ላይ ቁጥር እንደምታርም ሁሉ። «ሶሬሳ አልተሳሳተም፤ እንዳለ አንብበው ያልኩት እኔ ነኝ። ከማክሰኞ ጀምሮ ሥራ የለኝም። እየፈለግሁ ነው።»

አዛርያስ ጫማውን ያያል። ጥግ ላይ ሳህን ሲደረድሩ የነበሩት እንኳ ቀጥ አሉ።

«ሲቪዎ ዝግጁ ነው?» አለች ሱምያ ከኋላ።

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ቅዳሜ ቅዳሜ እሷ የምትጠየቀውን ነው የጠየቀችው።

«የቆየ ነው» አለች አፀደ።

«ይምጡና እንየው።»

አፀደ ከመድረኩ ወረደች። በአዛርያስ በኩል ስታልፍ ሽልማቱን ሰጠችው። ሱምያ ቦርሳዋን ከጎኗ ካለው ወንበር ላይ አነሳችላት። አፀደ ተቀምጣ ስልኳ ውስጥ ሲቪውን ፈልጋ ከፈተች። አንድ መሥሪያ ቤት ገብታ እዚያው እርከን በእርከን ስላደገች፣ ለዓመታት አይታው አታውቅም።

ሱምያ የመጀመሪያውን መስመር ዝቅ ባለ ድምፅ አነበበች። «በቅርቡ ከኢትዮጵያ የመጣች፣ የአውስትራሊያ የሥራ ልምድ የምትፈልግ መሐንዲስ።»



«ይህቺ ትውጣ?» አለች ሱምያ፣ ጣቷን መስመሩ ላይ እንዳደረገች።

«ቆዪ፣ አንዴ እኔም ላንብባት» አለች አፀደ፣ መነጽሯን ከቦርሳዋ እያወጣች።