የእንዳሻው ይሉኝታ

ባሌ እንዳሻው ከነጃኬቱ ጥግ ላይ ተቀምጦ ለገባው ለወጣው ሁሉ ራሱን ዝቅ እያደረገ ሰላምታ ይሰጣል። እንዲህ አታድርግ ብዬ ከበር ጀምሮ አስጠንቅቄው ነበር። ታንጎ በሚደነስበት አዳራሽ ማንም በአፉ "እንደንስ?" ብሎ አይጠይቅም። በዓይኑ ያይሃል፤ ራስህን ዝቅ ካደረግህለት እሺ ብለሃል ማለት ነው፣ አለቀ።

"እኔ የጨዋ ልጅ ነኝ፣ ሰው ዓይን ለዓይን እያየኝ ዝም አልልም" አለኝ። ጨዋ!

የመጣው ሊደንስ አይደለም፣ ሊሰልለኝ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ እሑድ ከሰዓት ከሰፈራችን ከግሮሩድ እዚህ ግሩነርሎካ ድረስ ብቻዬን ስመላለስ አብረን እንማር ብዬ ለምኜዋለሁ፣ ተቆጥቼዋለሁ፣ አልቅሼበታለሁ። መልሱ አንድ ነው፦ "የቤተ ክርስቲያን ሰው ቢያየን ምን ይላል? ትንሽ ይሉኝታ የለሽም?" ሰሞኑን ደግሞ ጭራሽ "መጥቼ በዓይኔ ልየው፤ ካልጣመኝ ትተይዋለሽ" አለ። ትተይዋለሽ! ሳምንቱን ሙሉ የሰው ታዛዥ ነኝ፤ ሰውነቴ የራሴ የሚሆነው እዚህ ብቻ ነው። ይህን ከቀማኝ ምን ይቀረኛል?

ከማዶ የተቀመጠች ሽበታም ኖርዌጂያዊት አየችው። ራሱን ዝቅ አደረገላት። ፈገግ ብላ ጠበቀችው፤ እንደማይመጣ ስታውቅ ራሷ ተነሥታ መጣችና ፊቱ ቆመች። ሴት ቆማ እሱ መቀመጡ ነውር ሆነበትና ብድግ አለ። እጇን ዘረጋችለት።

"ሮማን" አለኝ ዞር ብሎ፣ በሚለማመጥ ድምፅ።

"ኔይ በላትና ተቀመጥ።"

ለእኔ ሲሆን ይቺ ኔይ የምትባል የኖርዌጂያን እምቢታ ከአፉ አትጠፋም። ለሷ ግን ጃኬቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ ጣለና እንደ በግ ተከተላት።

ደረቷን አስጠግታ አቀፈችው። መጀመሪያ እንደ እንጨት ደረቀ፣ ከዚያ መራመድ ጀመረ። ታንጎ ከሁሉ በፊት መራመድ ነው፤ እንዳሻው ደግሞ ሲራመድ ያምርበታል፣ የወደድኩትም በአረማመዱ ነው። አዳራሹን አንዴ እንደዞሩ ትከሻው ላላ። ሴትዮዋ ዓይኗን ጨፈነች።

በገንኩ። በሷ አይደለም፣ እሷ ምን አጠፋች? ለእኔ ያን ሁሉ ጊዜ የጠፋ እግር ለማያውቃት ሴት በአንድ አፍታ ተገኘ። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ የሚሉት እሱን ነው።

ዘፈኖቹ ሲያልቁ "ታክ" ብላ አመስግናው ወደ ቦታዋ ተመለሰች። እሱም ላቡን እየጠረገ መጣ።

"ምን ላድርግ? መጥታ ፊቴ ቆመች" አለኝ። "እምቢ እንዳልል ይሉኝታ ያዘኝ።"

"እኔስ? ፊትህ ከቆምኩ ስንት ጊዜዬ ነው?"

ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር አጠበቀ። ሙዚቃው እንደገና ሲጀምር ቀና አለና እጁን ዘረጋልኝ። እውነቴን ነው፣ ያን ጊዜ ንዴቴ ሁሉ ከላዬ ሊወርድ ምንም አልቀረው። ልነሣ ወንበሩን ስደገፍ አፉን ከፈተ።

"ተነሺ እንጂ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ሴትዮዋ ሚስትህን አታስደንሳትም ወይ አለችኝ። እያየችን ነው። ነውር ነው።"

ወደ ማዶ አየሁ። እውነትም በፈገግታ ታየናለች። ወንበሬ ላይ ተመልሼ ተደላደልኩ።

"ሮማን፣ ኧረ ሰው እያየን ነው!"

"ይየን" አልኩት።

ሰዉ ጥንድ ጥንድ ሆኖ መደነስ ጀምሯል። እንዳሻው እጁን እንደዘረጋ መንገዳቸው ላይ ቆሟል፤ እነሱም በጎኑ እየታጠፉ ያልፋሉ።