የሙከራ አድራሻ

የአምቡላንስ መጥሪያ መተግበሪያውን ሦስት ወር ሙሉ የፈተሸችው እሷ ነበረች። ስም ሳትሞላ ላከች፤ የተሳሳተ ስልክ አስገባች፤ ቁልፉን አሥር ጊዜ ደጋግማ ተጫነች። አድራሻ ሲጠይቃት ሁልጊዜ የምትሞላው የቤታቸውን ነበር።

እሑድ ከሰዓት አባቷ ደረቱን ይዞ ሶፋው ላይ ተደፋ። ስልኳን አንስታ ቁልፉን ተጫነች።

"የራስሽን ሥራ በእኔ ልትሞክሪ ነው?" አላት፣ ፈገግ ለማለት እየታገለ።

"አይዞህ አባዬ፣ በስምንት ደቂቃ ይደርሳል።"

አሥር ደቂቃ አለፈ። አባቷ ማቃሰቱን ሲያቆም ወደ አምቡላንስ ማዕከሉ ደውላ አድራሻቸውን ተናገረች።

"እህቴ፣ ከዚህ አድራሻ የሚመጣውን ሲስተሙ የሙከራ ጥሪ ነው ብሎ ያልፈዋል" አላት ተረኛው። "መኪና በከንቱ እንዳይወጣ ብላ ያስመዘገበችው ራሷ ፈታሿ ናት። አሁን እልክልሻለሁ፤ ስምንት ደቂቃ ጠብቂ።"