ሰርቨሩን የሚያንኳኳው ሰው

ትግሉ ሰው ይንቃል። ሻንቶ ከተማ፣ መናኸሪያው አጠገብ ባለችው የኮምፒውተር ጥገና ሱቁ የሚገባ የሚወጣውን ሁሉ ይንቃል። መናቁም አይፈረድበትም። ሰዎቹ ኮምፒውተር ያስገጥሙና ፓስወርዱን እንኳ አይቀይሩም። «አንተው ያዘው፣ እኔ እረሳዋለሁ» ብለውት ይሄዳሉ። እሱም እሺ ይልና ዞር ሲሉ ይስቅባቸዋል።

ሰርቨሩ፣ ሌት ተቀን በርቶ ከሩቅ የሚገባበት ኮምፒውተር፣ ያለው ሶዶ፣ መኖሪያ ቤት ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ነው። ከአሮጌ ዴስክቶፕ የገጠመው ራሱ ትግሉ ነው፤ ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተምም የጫነበት እሱ ነው። ሻንቶ ቁጭ ብሎ በላፕቶፑ ይገባበታል። ሶዶ መብራት ሲጠፋ ደግሞ እየተራገመ ይጠብቃል።

ውስጡ ያለው ዋና ነገር እንሰትን ስለሚያደርቀው በሽታ የተሠራ ጥናት ነው። የዓመታት ልፋት ነው፤ ሰኞ ዩኒቨርሲቲ ካልገባ ዲግሪውን ውሃ በላው። ሌላ ቅጂ ደግሞ የለውም።

አርብ ጠዋት ትግሉ ሰርቨሩ ላይ ማን ገባ ማን ወጣ ብሎ ሲያይ ሌላ ሰው ገብቶ አገኘ። የገባው ሰው ግራ ቀኝ ሳይል በቀጥታ ወደ ጥናቱ ሄዶ የመጨረሻውን ምዕራፍ ከፍቷል።

«ሌባ ነው?» አለ ቦልቴ። ቦልቴ የሱቁ ተጋሪ ነው፤ የስልክ ከቨር ይሸጣል፣ ስለ ሊኑክስ የሚያውቀው የለም።

«በክፍት በር የሚገባ ደንቆሮ» አለ ትግሉ።

«ታዲያ ዝም ትላለህ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብህ።»

ትግሉ ወደ ላፕቶፑ ዞረ። ፓስወርዱን ቀየረ። ከውጭ በፓስወርድ መግባትን ጨርሶ ከለከለና የራሱ ላፕቶፕ ላይ ባለው ቁልፍ ብቻ እንዲከፈት አደረገ። ከውጭ የሚመጣውን የሚያግደውን ፋየርዎል አጠበቀ። ጥናቱ ያለበትን ፎልደር ደግሞ ለብቻው ቆለፈው። ንጹህ ሥራ ነው፣ ማንም ባለሙያ ቢያየው እንከን አያወጣለትም።

ከሰዓት በኋላ ያ ሰው ተመለሰ። በዚያው በድሮው ስም ሞከረ፤ ተከለከለ። ደገመ። አሁንም ሠለሰ። ሌላ መንገድ ይኖር ይሆን ብሎ ማሰብ እንኳ የለም፣ እንደ በሬ መግፋት ብቻ።

«ምነው፣ አይማርም እንዴ?» አለ ቦልቴ።

«የተማረ ሰው ችግሩ ይሄ ነው። መማር ሌላ፣ ማወቅ ሌላ።»

ቅዳሜ ሙከራው ከኢንተርኔት መምጣቱን ተወ። አሁን የሚሞከረው እዚያው ማሽኑ ላይ በተሰካው ኪቦርድ ነው። ቦልቴ ይህን ሲሰማ የያዘውን ከቨር ጣለ።

«ቤት ውስጥ ገብቷል ማለት ነዋ! ኧረ ለፖሊስ ደውል።»

«ተው ባክህ። ጣት እስኪዝል ይሞከር።»

ትግሉ ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ለጠጥ ብሎ ሙከራዎቹ አንድ በአንድ ሲወድቁ ያያል። ቦልቴን የሰውየው ድፍረት አናደደው፤ የሰው ልፋት ሊዘርፍ ሳሎን ድረስ የሚገባ፣ ምን ዓይነት ዓይን አውጣ ነው? በመጨረሻ ሙከራው ቆመ።

ብዙም ሳይቆይ ስልክ ጠራ። ትግሉ ድምፁን አለስልሶ አነሳው።

«ሄሎ፣ መምህርት ናርዶስ፤ ኧረ አያልቅሱ፣ ኮምፒውተርዎን የገጠምኩልዎት እኔ አይደለሁ እንዴ፤ ብቻ በዋጋ እንስማማ እንጂ ሰኞ ሳይደርስ እከፍትልዎታለሁ።»