ከአውሮፕላን የተሠራ ሚዶ

አካፋው ጠንከር ያለ ነገር ሲነካ ቆፋሪው ተንበረከከ፤ ሃምሳ ዓመት ሙሉ የወታደር ወንድሟን አጽም ስትፈልግ የኖረችው አሮጊትም ምርኩዟን ጥላ ወደ ጉድጓዱ አፍ ተጠጋች። ከጎኗ የቆመው አሜሪካዊ ሽማግሌ፣ በወታደርነቱ ዘመን መቃብሩን ምልክት ያደረገባትን ካርታ በሁለት እጁ እንደያዘ ነበር። ጠዋት "በቬትናም ጦርነት ጊዜ ሰዎቻችሁን እዚህ ቀብረናል" ማለቱን የልጅ ልጇ ስትተረጉምላት አሮጊቷ ቱግ ብላ ነበር። "የምን የቬትናም ጦርነት? የአሜሪካ ጦርነት ነው በዪው! ዲቃላቸውን ደጃችን ጥለው ሲያበቁ በእኛ ስም ይጠሩታል እንዴ?" ሽማግሌው ይህ ሲተረጎምለት አንገቱን ደፋ።

ቆፋሪው ከጭቃው ያወጣውን በሸሚዙ ጠራርጎ አቀበላት። ሚዶ ነበር፤ የቬትናም ወታደሮች ከተመታ አውሮፕላን ስብርባሪ እየሞረዱ ለእናትና ለእህት የሚሠሩት ዓይነት። ጀርባውን በአውራ ጣቷ ዳበሰችው። በሚስማር ጫፍ የተጫረው ስም የወንድሟ አልነበረም። "ቱየት" ይላል፤ የራሷ ስም።

አሮጊቷ የዘንባባ ባርኔጣዋን አውልቃ ለልጅ ልጇ ሰጠችና፣ ጭቃው ገና ባልለቀቀው ሚዶ ሽበቷን ከግንባሯ እስከ ማጅራቷ ቀስ ብላ አበጠረች። ሁለት ጥርስ ጎድሎታል፤ ግን ያበጥራል። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞረች።

"የጦር ጓደኞች አሉት ወይ በዪው።"

"ጥቂት ቀርተዋል ይላል፣ አያቴ።"

"እንግዲያው እነሱም ካርታቸውን ይዘው ይምጡ። ጦርነቱን በፈለጉት ስም ይጥሩት።"