ተቀበል

አሥር አለቃ ማሩ ማሲንቆ ከሰማ ልጆቹን ትከሻው ላይ አውጥቶ የሚጨፍር ሰው ነበር። ኮሪያ ላይ ቆስሎ ጓዱ ካሴ ተሸክሞ ሲያወጣው ያየ የለም። ማሩ እስኪሞት «በእግሬ ወጣሁ» አለ፤ ሜዳሊያውም የእሱ ሆነ።

በተዝካሩ ዳስ ሰው ሁሉ ለሟቹ ግጥም እየሰጠ፣ ከእስቴ የመጣውን አዝማሪ «ተቀበል» ይለዋል።

«አያ ካሴ፣ አንተስ አትሰጥም?» አለች የማሩ ሚስት አስካለ።

«እሱ አንዲት ቃል ነፍጎኝ ሞተ፤ እኔ ምን ልስጠው?»

አዝማሪው ወደ ማሩ ባዶ በርጩማ ጆሮውን አዘነበለ። «እሺ ጌታዬ፣ ተቀብያለሁ» ብሎ አዜመ፦

ከጥይት ከእሳቱ ተሸክሞ ያራቀኝ፣
ካሴ ዛሬም ይምጣ፣ ትከሻው ናፈቀኝ።

ካሴ ሊነሳ ሲል፣ የሚያውቀው ክብደት ትከሻው ላይ ወጣ።