በቡራዩ ኬላ ሦስት መስመር

ወታደሩ ከጋሽ ዮፍታሔ ኪስ ያወጣውን ደብተር እያገላበጠ «የምን ምስጢር ነው?» አለ። ሚኒባሱ ቡራዩ ኬላ ላይ ከቆመ ሰዓት አልፎት፣ ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ተሰልፎ ነበር። «ግጥም ነው ልጄ፣ ሃይኩ ይባላል። ሦስት መስመር ብቻ ነው» አሉ በድካም። «ለምን በእንግሊዝኛ?» በአማርኛ ቢጽፉ አንዱ፣ በኦሮምኛ ቢጽፉ ሌላው የማን ወገን ነህ ይላቸዋል፤ ከመዝገበ ቃላት በለቀሙት እንግሊዝኛ ግን ያዩትን ብቻ ጽፈው ያርፋሉ። ይህን ከየት ጀምረው ያስረዱት?

ወታደሩ ደብተሩን አጠገባቸው ለቆመችው ተማሪ፣ ለደጊቱ ሰጥቶ «ተርጉሚ» አላት። የጻፉት በተቃጠለ ጎማ አመድ ላይ ስላዩት የወፍ ዱካ ነበር፤ መንገድ በሚቃጠል ጎማ የሚዘጋበት ተቃውሞ ከተነሳ ወዲህ ደግሞ ጎማ የሚለው ቃል ብቻውን ያሳስራል። በልባቸው «እግዚኦ» አሉ።

«ወፍ መንገድ ላይ ሄደች፤ ዱካዋ ቀረ» አለች ደጊቱ።

«ከዚያስ?»

«አለቀ።»

«ለዚች ነው ወረቀት የምትጨርሰው፣ ሽማግሌው?» ብሎ ደብተሩን መለሰላቸው።

ሚኒባሱ ሲንቀሳቀስ «ጎማውን ዘለልሽው» አሏት በሹክሹክታ።

«አንቱ ደግሞ!» አለች። «ሰሞኑን መንገድ ላይ ወፍ የምትረግጠው ከጎማ አመድ ሌላ ምን አለና?»